የአንድ ካናቴራ 2,500 ሊትር የማን ውሃ ነው? (ለሐዋሳና ለአዋሽ ተፋሰስ ሰዎች)

ቆጣሪ_ሐዋሳ | ሰኞ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የጥጥ ካናቴራ እስኪሠራ 2,500 ሊትር ውሃ ይፈጃል የሚለው ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል፤ ብቻውን ሲቀመጥ ግን ብዙ ያሳስታል። 2,500 ሊትር በቤት ቆጣሪ 2.5 ሜትር ኩብ፣ በቢጫዋ ጀሪካን ደግሞ 125 ጀሪካን ነው። ይህን የሰማ ሰው እዚህ ሐዋሳ የሚሰፋ እያንዳንዱ ካናቴራ ከከተማው ቧንቧ ወይም ከሐይቁ 125 ጀሪካን ይወስዳል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

እንዲያ አይደለም። ስፌት ክፍል ውስጥ ውሃ የሚሄደው ለካውያ እንፋሎት፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለሠራተኛው መጠጥ ነው። ጨርቁ ተሸምኖና ተቀልሞ ከህንድ ወይም ከቻይና ከመጣ ከ2,500ው ሊትር አብዛኛው እዚያው ቀርቷል። ጨርቁ እዚሁ ሲቀለም ነገሩ ሌላ ነው። ጥጡ አሚባራ ሲበቅልና መተማ ሲበቅልም ይለያያል።

ስለዚህ ሥራውን የምታውቁት በየዘርፋችሁ ብትጽፉ ደስ ይለኛል፦ እርሻው፣ ማቅለሚያው፣ ቡናው፣ ስኳሩ። ስሌቱን ሰው በራሱ እጅ መሥራት እንዲችል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ወደ መጨረሻው ላይ ቤት ውስጥ የሚጠቅመውንም እንነጋገር።

ባለ_መስኖ | ሰኞ ማታ 2፡25

ከእርሻው ልጀምር፤ ትልቁ ውሃ ያለው እዚያ ነው።

የውሃ አሻራ (አንድ ዕቃ እስኪሠራ የሚወስደው ውሃ ሁሉ) የሚባለውን ሐሳብ ያመጣው ሆላንዳዊው አርየን ሁክስትራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002። ዛሬ በየቦታው የሚጠቀሱት የሰብል ቁጥሮች በአብዛኛው እሱና መስፍን መኮንን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሥራ ውጤት ናቸው። ውሃውን በሦስት ይከፍሉታል። አረንጓዴው አፈር ውስጥ የገባና ተክሉ ያተነው የዝናብ ውሃ ነው። ሰማያዊው ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ምንጩ ያልተመለሰ ነው። ግራጫው ብክለቱን እስከሚፈቀደው ልክ ለማቅጠን የሚያስፈልገው ነው፤ ይህ በስሌት የሚገኝ መጠን እንጂ በቧንቧ የፈሰሰ ውሃ አይደለም።

አንድ ኪሎ የተጠናቀቀ የጥጥ ጨርቅ በዓለም አማካይ ወደ 10,000 ሊትር ይደርሳል፤ 54 በመቶው አረንጓዴ፣ 33 በመቶው ሰማያዊ፣ 13 በመቶው ግራጫ። 250 ግራም ለምትመዝን ካናቴራ ይህ ሲከፋፈል 1,350 ሊትር ዝናብ፣ 825 ሊትር መስኖ፣ 325 ሊትር ማቅጠኛ ነው። 2,500 የተባለው የሦስቱ ድምር ነው።

አሁን ስሌቱ። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ይከተላል። ለምሳሌ ያህል ጥጡ በወቅቱ 700 ሚሊ ሜትር ቢያተን 7,000 ሜትር ኩብ በሄክታር ይሆናል። ምርቱ 20 ኩንታል ያልተዳመጠ ጥጥ ከሆነ በኪሎ 3,500 ሊትር ማለት ነው። ሲዳመጥ ከመቶ ኪሎ 36 ኪሎ ገደማ ብቻ ጭረት (የሚፈተለው ንጹሕ ጥጥ) ይወጣል፤ ቀሪው ፍሬ ነው። ፍሬው ዘይትና ፋጉሎ ሆኖ ስለሚሸጥ ውሃው በዋጋ ድርሻ ይከፈላል፤ ጭረቱ ከገቢው 80 በመቶ ይይዛል ብንል 3,500 × 0.8 ÷ 0.36 = 7,778 ሊትር በኪሎ ጭረት። ፈትል ቤት 10 በመቶ ብናኝ፣ ቆረጣ ላይ 15 በመቶ ቁርጥራጭ ይጠፋል እንበል፤ 7,778 ÷ 0.9 ÷ 0.85 ወደ 10,170 ያደርሰናል።

በዚያው ትነት ምርቱ 30 ኩንታል ቢሆን ግን 6,780 ላይ ይቆማል። ካናቴራዋ ከ2,540 ወደ 1,700 ሊትር ወረደች። ማሳ ላይ ዘርን በጊዜው መዝራት፣ አረምና የጥጥ ትልን መከላከል ብቻ ይህን ያህል ውሃ ያስቀራል። ፋብሪካው ውስጥ የሚደረግ ማናቸውም ቁጠባ በብዛት አይደርስበትም።

ቦታውም ይመዝናል። መተማና ሁመራ ጥጡ የሚበቅለው በዝናብ ነው፤ ያ ዝናብ ጥጥ ባይዘራም ሣሩና ቁጥቋጦው ያተነዋል። መካከለኛው አዋሽ ላይ ግን ውሃው ከወንዙ ተጠልፎ ነው የሚመጣው። ሊትሩ እኩል ቢሆን እንኳ የሁለቱ ጉዳት እኩል አይደለም። በቦይ መስኖ ከተለቀቀው ውሃ ግማሽ ያህሉ ብቻ ሥር ጋ ቢደርስ አይገርምም። ቀሪው ወደ ታች ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍ ያደርገዋል፣ ጨውም ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። የውሃ አሻራ ስሌት የሰረገውን አይቆጥረውም፤ መሬቱ ግን ይከፍልበታል። አሚባራና መልካ ሰዲ ጨው የበላቸው ማሳዎች ታሪካቸው ይኸው ነው።

ቀለም_ክፍል | ማክሰኞ ጠዋት 4፡05

ባለ መስኖ ጥሩ አስቀምጦታል። እኔ ከማቅለሚያው በኩል እጨምራለሁ፤ እዚህ ሊትሩ ትንሽ ነው፣ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ግን ብዙ ነው።

1 ኪሎ የጥጥ ሹራብ ጨርቅ በጄት ማሽን ሲቀለም ለእያንዳንዱ ሙሌት (ማሽኑ አንዴ ተሞልቶ ሲፈስ) ብዙውን ጊዜ 8 ሊትር ገደማ ይያዛል። ለጥቁርና ለደማቅ ቀለም ሙሌቶቹን እንቁጠር፦ ማፍላትና በፔሮክሳይድ ማንጻት አንድ፣ ሙቅ እጥበት አንድ፣ የፔሮክሳይድ ቅሪት ማጥፊያ አንድ፣ ማቅለሚያው ራሱ አንድ፣ ቀዝቃዛ እጥበት አንድ፣ በአሲድ ማስተካከያ አንድ፣ በ95 ዲግሪ ሳሙና ሁለት፣ ሙቅ አንድ፣ ቀዝቃዛ አንድ፣ ማለስለሻ አንድ። አሥራ አንድ ሙሌት ነው። እርጥብ ጨርቁ ራሱ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይዞ ስለሚቀር ከፊሉን ብንቀንስ ወደ 80 ሊትር በኪሎ፣ ለአንድ ካናቴራ 20 ሊትር ገደማ። አንድ ጀሪካን! ከ2,500ው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ችግሩ ጨው ነው። ሪአክቲቭ የሚባለው የጥጥ ቀለም ወደ ጥጡ እንዲጠጋ ለደማቅ ቀለም በሊትር 60 ግራም ያህል ጨው ይገባል፤ 60 × 8 ማለት በኪሎ ጨርቅ 480 ግራም ነው። ለአንዲት ካናቴራ 120 ግራም ጨው፣ ማጣበቂያ የሚሆነው ሶዳ አሽ ደግሞ በ15 ግራም በሊትር ሲሰላ 30 ግራም። ጨርቁ ከጨው ምንም አይወስድም፤ የገባው እንዳለ ይወጣል። ከቀለሙም ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከውሃ ጋር ተዋህዶ ስለሚበላሽ ጨርቁን አይዝም። ከላይ የቆጠርኳቸው ሙቅ እጥበቶች ያስፈለጉት ለዚህ ነው። አንዱን ቢዘሉት ካናቴራው ቤት ሲታጠብ ነጩን ልብስ ያቀልማል።

ባክቴሪያ የሚሠራበት ተራ ማጣሪያ ስታርችና ሳሙና ይበላል፤ ጨው አይበላም። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በጥቁር ውሃ ይገባለታል እንጂ በመሬት ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ሟምቶ የገባ ጨው በትነት አይሄድም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈሳሽ ወደ ውጭ በማይለቅ ሥርዓት የታቀደውም ውሃውን መልሶ ለመጠቀም ብቻ አልነበረም፤ ሐይቁ ማምለጫ የሌለው በመሆኑ ጭምር ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት በቅደም ተከተል ይሄዳል፦ ፍሳሹ በትልቅ ገንዳ ይደባለቃል፣ በባክቴሪያ ይጣራል፣ በቀጭን ሜምብሬን (ማጥለያ ስስ ሽፋን) ያልፋል፣ ከዚያ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በሌላ ሜምብሬን በማሳለፍ፣ ጨውና ውሃው ይለያያሉ፣ የቀረው ብርቱ ጨዋማ ውሃ በማትነኛ ተፈልቶ ጨው ሆኖ ይደርቃል። ብዙ ኃይልና ገንዘብ የሚበላው ማትነኛው ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ሜምብሬኑ ነው። ሲሊኮን ያለበት ማለስለሻ ሳይለይ ከገባ ሽፋን ይሠራበታል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ሲሊካ (ከድንጋይ የሚሟማ ማዕድን) ይበዛበታል፤ ጨዋማው ወገን ላይ ሲጠነክር እንደ መስታወት ይጋገራል፣ በአሲድ ማጠብም አያነሳውም። መከላከያው አስቀድሞ በኖራና በማግኒዥየም ማውጣት ወይም በአንድ ዙር የሚመለሰውን ውሃ መጠን መቀነስ ነው። ከተጋገረ በኋላ ያለው ምርጫ ጠንካራ አልካላይን እጥበት፣ ካልሆነም ሜምብሬኑን መቀየር ነው።

ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ውሃ የሚያድነው በዋናነት ቀለሙን በመጀመሪያው ሙከራ መምታት ነው። ቀለሙ ተስቶ ድጋሚ የተቀለመ ጨርቅ ውሃውንም ጨውንም በእጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ለዚህ ጨርቁን በትክክል መመዘን፣ የውሃውን ጥንካሬ በየፈረቃው መለካት (ካልሲየም ካለ ቀለሙ ይቋጠራል)፣ ሶዳውን በአንዴ ከማፍሰስ ይልቅ በዝግታ መጨመር ያስፈልጋል። ፔሮክሳይድን በካታሌዝ ኢንዛይም ማጥፋት አንድ ሁለት እጥበት ያስቀራል። ክዳን ከፍቶ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብም ይቅር፤ ሞልቶ ማፍሰስ በግማሽ ውሃ ያንኑ ይሠራል። የመጨረሻውን ቀዝቃዛ እጥበት ውሃ ለሚቀጥለው ዙር መጀመሪያ እጥበት ማቆየት ይቻላል፣ ለነጭና ለፈዛዛ ቀለም ግን አይሆንም።

ከአዳማ | ማክሰኞ ቀን 7፡30

ቀለም ክፍል የጠቀሱት ሶዳ አሽ ራሱ የውሃ ታሪክ አለው። ከአዳማ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አብያታ ሐይቅ ውሃው ወደ ገንዳ እየተሳበ በፀሐይ እየደረቀ ሶዳ አሽ ሲወጣበት ቆይቷል። አብያታም መውጫ የለውም፤ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ደግሞ ለመስኖ ከላይ እየተወሰደበት ነው። ሐይቁ የሸሸው በሁለቱም ነው። ሶዳ አሽ ለጨርቅ ማቅለሚያ ብቻ ሳይሆን ለጠርሙስና ለዱቄት ሳሙናም ይገባል። ስለዚህ የሳሙና እሽግ ውስጥ የሐይቅ ውሃ ሊኖር ይችላል፣ በየትኛውም የካናቴራ ስሌት ውስጥ ግን አይታይም።

ስለ አዋሽም አንድ ነገር። ወንዙ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ሐዋሳም አዳማም ያለነው ውሃ ወደ ውጭ በማይፈስበት ተፋሰስ ውስጥ ነው። እኛ የለቀቅነው ጨው ከታች ያለ ሰው ይጠጣዋል፣ ያጠጣበታል።

ስኳርን ብታነሡ ጥሩ ነው። የአገዳ ስኳር በዓለም አማካይ በኪሎ 1,800 ሊትር ገደማ ነው፤ ከሥጋና ከቡና ጋር ሲያስተያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አገዳ በአንድ የምርት ዙር ከ1,500 እስከ 2,500 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፣ ወንጂ ላይ የሚዘንበው በዓመት ከ800 ብዙም አይርቅም። ጉድለቱን የሚሞላው አዋሽ ነው፤ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲያ ነው የተተከለው። ሻይ ላይ የሚደረግ 10 ግራም ስኳር 18 ሊትር ቢሆን፣ ከዚያ ብዙው ከወንዝ የተቀዳ ነው። ከዝናብ ከመጣ መቶ ሊትር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

እሸት_ቡና | ማክሰኞ ማታ 3፡15

ከሲዳማ ወገን ልመልስ። «አንድ ስኒ ቡና 130 ሊትር» የሚለው 125 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ የፈረንጅ ኩባያ፣ በ7 ግራም ቡና የተሠላ ነው። የተቆላ ቡና በኪሎ 18,900 ሊትር ስለሆነ በግራም 19 ሊትር ገደማ ይመጣል። ለጀበና ስትሠሩት ግን ኩባያውን ትታችሁ ግራሙን ቁጠሩ። 50 ግራም ቡና ተወቅጦ ቢገባ 945 ሊትር ነው፤ ከዚያው ዱቄት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተቀድቶ ለስድስት ሰው 18 ስኒ ቢወጣ በስኒ 52 ሊትር ይደርሳል። አንዴ አፍልቶ ዱቄቱን የሚደፋ ማሽን ይህን አያደርግም።

ከቡና ውሃ 96 በመቶው ዝናብ ነው። በጥላ ዛፍና በእንሰት መሃል የበቀለ ቡና ባይኖር ያ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ነበር ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቡና ጠጪውን በ130 ሊትር ማስፈራራት ትክክል አይመስለኝም።

ሊያስፈራ የሚገባው መፈልፈያ ጣቢያው ነው። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ እሸት ይፈለፈላል፤ ሥራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ወንዙ መሳሳት ሲጀምር ነው። ፍሬው ላይ ያለው ዝልግልግ ስኳር ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲብላላ ይኮመጥጣል፤ ፒ.ኤች (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 4 ይወርዳል፣ የወንዙን ኦክሲጅን ይጨርሳል፣ ከታች ያለው ከብት አይጠጣውም።

የሚሠራው መፍትሔ ይታወቃል። ገለፈቱን በውሃ ሳይሆን በዘንበል ወይም በማመላለሻ ማውጣት ይቻላል፤ ከዚያ ከእበትና ከአመድ ጋር ተደራርቦ ኮምፖስት ይሆናል። የመፈልፈያውን ውሃ በማጠራቀሚያ አጥልሎ በዚያው ቀን መልሶ መጠቀምም ይቻላል። ወደ ማግስቱ ካሳደሩት ግን ይኮመጥጥና ጣዕሙን ያበላሻል፤ ስለዚህ ማታ ገንዳው ባዶ መሆን አለበት። ዝልግልጉን በፍትጊያ የሚያነሣው ዘመናዊ መፈልፈያ በኪሎ እሸት እስከ 1 ሊትር ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ቡናው ታጥቦ በቦይ ሲለይ ግን ያኛው ውሃ ለብቻው መቆጠር አለበት። የወጣው ፍሳሽ በቬቲቨር ሣር ማሳ ላይ ይሰራጫል። ጉድጓዱ ትንሽ ሆኖ ከተቆፈረ የምርቱ ጫፍ ሲመጣ ሞልቶ ወንዝ ይገባል፤ መጠኑ በአማካይ ቀን ሳይሆን እሸት በብዛት በሚገባበት ቀን ልክ ይሠላ።

ቆጣሪ_ሐዋሳ | ረቡዕ ጠዋት 2፡50

እናመሰግናለን። ሥጋስ? በኪሎ 15,400 ሊትር የሚለው የበሬ ሥጋ ቁጥር ለእኛ አገር ይሠራል? ጤፍስ?

ባለ_መስኖ | ረቡዕ ጠዋት 3፡35

15,400 የዓለም አማካይ ነው፤ 94 በመቶው አረንጓዴ ነው፣ ያም ግጦሽና መኖ። የእኛ በሬ ገለባና ግጦሽ ይበላል፤ አርሶም ነው የሚታረደው። ውሃውን ሁሉ ለሥጋው ብቻ መስጠት የእርሻ ጉልበቱን፣ ቆዳውንና እበቱን መርሳት ነው። የፍየል ሥጋ 5,500፣ ዶሮ 4,300፣ ጥራጥሬ 4,000 ገደማ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ለማየት ይጠቅማሉ እንጂ እንዳሉ አይገለበጡ።

ጤፍን በዚያው ስሌት ሥሩት። ትነቱ 350 ሚሊ ሜትር፣ ምርቱ 18 ኩንታል ቢሆን 3,500 ÷ 1.8 ወደ 1,940 ሊትር በኪሎ ነው። አንድ ትልቅ እንጀራ 200 ግራም ዱቄት ከወሰደ 390 ሊትር ይይዛል። ጭዱ ለከብትና ለጭቃ ቤት ስለሚሸጥ ከፊሉን ለጭዱ መስጠት ይገባል፤ ቢሆንም ሻግቶ የተጣለ አንድ እንጀራ ከ15 ጀሪካን በላይ ዝናብ ይዞ ይሄዳል።

የቤት_ሒሳብ | ረቡዕ ማታ 1፡20

ቤት ውስጥ ስንመጣ ሁለቱን ውሃ አትቀላቅሉ፤ አንደኛው ከቧንቧ የምትቀዱት፣ ሁለተኛው ዕቃው ይዞት የመጣው።

ልብስ ላይ ዕድሜውን ማርዘም ከሁሉም ይበልጣል። 2,500 ሊትር የወሰደ ካናቴራ 50 ጊዜ ቢለበስ በአንድ ልብሰት 50 ሊትር፣ 150 ጊዜ ቢለበስ 17 ነው። ማጠቢያውን እንየው፤ 15 ሊትር የሚይዝ ሳፋ ሦስት ጊዜ ሞልታችሁ 10 ልብስ ብታጥቡ በልብስ 4.5 ሊትር ይወጣል። ሃምሳ ጊዜ ቢታጠብ 225 ሊትር፣ ከማሳው አሥረኛ አይሞላም። ስለዚህ ልብሱን የሚያሳጥር አስተጣጠብ፣ ማለትም በረኪና ማብዛትና በጠንካራ ብሩሽ መፈተግ፣ ውሃ ቢቆጥብም ኪሳራ ነው። ሰልባጅ ስትገዙ ውሃው አስቀድሞ የወጣ ነው፤ አንገቱ ያልላላ፣ ስፌቱ ያልተጣመመ ምረጡ። ካናቴራ ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሡት፤ እጃችሁ በግልጽ ከታየ ቶሎ ይሳሳል።

ከቧንቧው በኩል የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ስኒ አስቀምጡ። 250 ሚሊ ሊትር በ10 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 1.5፣ በቀን 36፣ በወር 1,080 ሊትር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተካክለው የጎማ ጋስኬት መቀየር ብቻ ነው። ሮቶ ካላችሁ ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉበት፤ ጠዋት ከወረደ የሚያፈሰው የሽንት ቤቱ ገንዳ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። መጀመሪያ ግን የሮቶው መሙያ መዘጋቱን አረጋግጡ፤ ያለበለዚያ ሌሊት ውሃ መጥቶ ልኬቱን ያበላሸዋል።

ሐይቅ_ዳር | ሐሙስ ጠዋት 4፡10

ቀለም ክፍልን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ፖሊስተር ጥጥ ስላልሆነ ውሃው ይቀንሳል፤ ታዲያ እሱ አይሻልም? ሌላው፣ ሐይቁ ላይ ጨው መጨመሩን ተራ ሰው መለካት ይችላል?

ቀለም_ክፍል | ሐሙስ ቀን 8፡45

ፖሊስተር ማሳ ስለሌለው ውሃው በጣም ያነሰ ነው፤ የሚቀለመውም በ130 ዲግሪ በግፊት ማሽን ያለ ጨው ነው። ግን የነዳጅ ዘይት ውጤት ነው፣ በታጠበ ቁጥርም የማይበሰብስ ብናኝ ክር ይለቃል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህም እንደ ጨው የሚከማች ነገር ነው። እኔ ለዘወትር ልብስ ወፈር ያለ ጥጥ ገዝቶ ብዙ መልበስን እመርጣለሁ።

መለካቱ ይቻላል። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይበቃል፤ ሟሟ ጨው በበዛ ቁጥር ንባቡ ይጨምራል። በየጊዜው ከመደበኛ ፈሳሽ ጋር አስተያዩት፣ ካልሆነ ንባቡ ይንሸራተታል። ናሙናውን ከዳር ሳይሆን በጀልባ ገባ ብላችሁ፣ ከጥቁር ውሃ መግቢያና ከአሞራ ገደል ራቅ ብላችሁ፣ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ፣ ክንድ ያህል ጥልቀት ላይ ቅዱ። በየወሩ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት ይሁን፤ የውሃውን ሙቀትና የሐይቁን ከፍታም አብራችሁ መዝግቡ። በበጋ ሐይቁ ሲጎድል ማንም ምንም ሳይጨምርበት ንባቡ ስለሚወጣ የየካቲቱን ከየካቲት፣ የመስከረሙን ከመስከረም ጋር ነው የምታነጻጽሩት። ፍሎራይድን ይህ መሣሪያ ለይቶ አያሳይም፤ እሱ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፣ ናሙናውም በመስታወት ሳይሆን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይወሰድ።